አሥራ አራት አንሶላ

እናቷ እግሯን ለብ ያለ የጨው ውሃ ውስጥ ነክራ፣ ቀሚሷን እስከ ጉልበቷ ሰብስባ ተቀምጣ ሳለ ነው ጥያቄውን ያነበበችላት። ገና ከጠዋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተኩል ነበር። እናትና ልጅ የሚኖሩት በሁለት ክፍል ቤት ነው፤ አንደኛው ሁለት አልጋ ይዞ መተላለፊያ ያጣ፣ ሌላው ምድጃና ጠረጴዛ ያለበት፣ በሩ ቁም ሳጥኑን ሳይመታ የማይከፈት። ልጅ በአንድ እጇ ሻይዋን፣ በሌላው ወረቀቱን ይዛ እንደቆመች፣ "አሥራ አራት ዓመት ሲሞላዎት የቤቱን ዋና ገቢ ያመጣ የነበረው ሰው ሥራው ምን ነበር? ይላል" አለች። እናት ቀና እንኳን ሳትል፣ የቤት ቁጥሯን እንደተጠየቀ ሰው ቶሎ ብላ፣ "ነጋዴ በያቸው" አለች።

በዚያ ቤት ግን ነጋዴ የሚባል ሰው ኖሮ አያውቅም። አባትየው ልጅቷ አራት ዓመት ሲሞላት ሥራ ፍለጋ ብሎ ወጥቶ የውሃ ሽታ ሆኖ ቀርቷል። ነጋዴው የተወለደው ልጅቷ አንደኛ ክፍል ስትመዘገብ፣ መዝጋቢው በመነጽሩ አናት አሻግሮ እያየ "የአባት ሥራ?" ባለ ጊዜ ነው። እናት ደንግጣ ያወጣችው ቃል በዚያው ሥር ሰደደ፤ ነጋዴው ከልጅቷ ጋር እኩል እያደገ ሄደ። አምስተኛ ክፍል ላይ ጨርቃ ጨርቅ መነገድ ጀመረ፤ ስምንተኛ ክፍል ላይ ለንግድ ሩቅ አገር ሄደ፤ ሁለተኛ ደረጃን ስትጨርስ በክብር ሞተ። ሥራ ለመቀጠር ቅጽ ስትሞላ ደግሞ ከመቃብር ቀስቅሳ "አባት፦ ነጋዴ፤ እናት፦ የቤት እመቤት" ብላ ጻፈችው። እናትና ልጅ ስለዚህ ሰውዬ አንድ ቀን እንኳን ቁጭ ብለው ተነጋግረው አያውቁም። እንደ አንድ የሩቅ ዘመድ፣ ሲያስፈልግ ይጠሩታል፣ ሳያስፈልግ ስሙን አያነሱም።

"ዛሬ ነጋዴው አይሆነንም፣ እማዬ" አለች ልጅ። "ዛሬ የሚፈለገው ድሃ ነው።"

ነገሩ እንዲህ ነው። የምትሠራበት የጭነት አስተላላፊ ኩባንያ በአሥራ ዘጠኝ አገር ቅርንጫፍ አለው። ዋናው መሥሪያ ቤት የተቀመጡት ሰዎች አንድ ቀን ተሰብስበው፣ ሠራተኞቻችን የማን ልጆች እንደሆኑ በሁሉም አገር በአንድ መለኪያ ይለካ ብለው ወሰኑ። አሥራ ሁለት ጥያቄ ያለው መጠይቅ ተዘጋጅቶ መጣ። ከየቅርንጫፉ፣ ከታችኛው ኑሮ የወጣ አንድ ሠራተኛ ተመርጦ ሁለት ዓመት ዋናው መሥሪያ ቤት ይሠለጥናል፤ ሲመለስ የመምሪያ ኃላፊ ይሆናል። መጠይቁ ተሞልቶ፣ ተመራጩም ተለይቶ የሚላክበት የመጨረሻ ቀን ዛሬ፣ ከቀኑ አሥር ሰዓት ነው። ልጅቷ የሰው ኃይል ክፍል ውስጥ አንድ ወንበር ላይ አሥራ አንድ ዓመት ተቀምጣለች። ሦስት ጊዜ ለእድገት ተወዳድራ ሦስቴም "በሚቀጥለው" ተብላለች፤ ያለፏትን ሰዎች የእድገት ደብዳቤ የጻፈችው እሷው ናት። እውነቱን በመናገር የሚገኝ ነገር በሕይወቷ ሲመጣ ይህ የመጀመሪያው ነበር፤ ትፈልገው ነበር፤ ጥርሷን ነክሳ ነው የምትፈልገው።

እናት አንድ እግሯን ከውሃው አውጥታ በፎጣ አደረቀች። ድህነት እንዲህ ተፈላጊ መሆኑን ቀደም ብለው ቢነግሩን ኖሮ ምናለበት አለችና ሁለተኛውንም አወጣች። "በይ ልብስ አጣቢ ነበረች በያቸው። ሰርቄ አላበላሁሽ።" ትንሽ ቆይታ ግን ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "ያ ልጅ ያየዋል?" ብላ ጠየቀች። ልጅ ማንም እንደማያየው፣ ኮምፒውተር ብቻ እንደሚያየው ነገረቻት። እናት ኮምፒውተሩንስ የሚያየው ማነው ልትል ነበር መሰል አፏን ከፈት አደረገች፤ ተወችውና ሳፋውን ይዛ ወጣች።

ያ ልጅ የምትለው የቅርንጫፉን ምክትል ሥራ አስኪያጅ ነው። ዛሬ አርባ ሊሞላው ነው፣ ቦርጩ ከፊት ከፊቱ ይሄዳል። እናቷ በሳምንት ስድስት ቀን ስድስት ቤት እየዞረች ስታጥብ የማክሰኞው ቤት የእነሱ ነበር፤ ባለ አንድ ፎቅ፣ ግቢው ውስጥ አራት የጭነት መኪና የሚያድርበት። ዘጠኝ ዓመት አጥባላቸዋለች። እናቷ ደግሞ ሰው የምትለካው በመጠይቅ አይደለም፣ በልብሱ ነው። የሸሚዙ አንገትጌ ተፈትቶ፣ ተገልብጦ የተሰፋ ከሆነ ቤቱ ደሞዝተኛ ነው። አንሶላው መሃሉ ሳስቶ፣ ለሁለት ተቀዶ ዳርና ዳሩ ወደ መሃል የተገጠመ ከሆነ ወር የሚደርሱት በስንት መከራ ነው። የሁሉም አልጋ አንሶላ በየሳምንቱ የሚወጣበት ቤት ከሆነ ሌላ ምን ይጠየቃል፣ ጌታ ነው። ከዚያ ቤት ማክሰኞ ማክሰኞ አሥራ አራት አንሶላ ይወጣ ነበር። ልጅቷ ይህን ቁጥር ከማባዣ ሠንጠረዥ በፊት ነው የምታውቀው። ረቡዕ ከትምህርት ቤት ስትመለስ የተተኮሰውን ጥቅል አዝላ በጓሮ በር ታደርስ ነበር፤ አንዳንዴ ልጁ ይከፍትላትና ፊቷን ሳያይ ወደ ውስጥ ዞሮ "የአጣቢዋ ዕቃ መጥቷል" ብሎ ይጮሃል።

ከአሥራ አንድ ዓመት በፊት ቃለ መጠይቅ የተጠራች ዕለት፣ ኮሪደር ላይ ቁጭ ብላ ቅጹን ስትሞላ በመስታወቱ በኩል አየችው፤ መሃለኛው ወንበር ላይ ተንሰራፍቶ ከብርጭቆ ውሃ ይጠጣል። እጇ ያን ጊዜ ነው ነጋዴውን የጻፈው። ገብታ ስትቀመጥ እስኪለያት ጠበቀችው፤ እሱ ግን ቅጿን አገላበጠ፣ ኮምፒውተር ትችያለሽ ወይ አለ፣ በቃ። አላወቀኝም ብላ ወጣች። ከዚያ ቀን ጀምሮ እየሳቀች ታልፈዋለች፤ በሳቀች ቁጥርም ራሷን ትንቃለች።

መሥሪያ ቤት ውስጥ ስሟን የሚጠራ የለም፤ "ፋይል" ነው የሚሏት፣ የሁሉም ሰው ማኅደር እሷ ዘንድ ስለሆነ። ፋይል ለሦስት ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲሆን ቢሮ ስትገባ ኮሪደሩ ላይ ያለችው የውሃ ማጣሪያ ዙሪያዋን ተከባለች፤ የድህነት ውድድሩ ተጧጡፏል። እነዚህ ሰዎች እስከ ባለፈው ወር ድረስ ዘር ማንዘራቸውን ሲቆጥሩ ይውሉ የነበሩ ናቸው፤ አንዱ አያቱ የማን አማካሪ እንደነበሩ፣ ሌላዋ የእናቷ ቤት ሳሎን ስንት ሰው እንደሚይዝ ሳይናገሩ ምሳ አይበሉም ነበር። ዛሬ አንዱ የቤት ሥራውን የሚሠራው በጎረቤት መብራት እንደነበረ ይተርካል፤ ሌላው ደግሞ እኛማ ጎረቤትም አልነበረን ብሎ ይበልጠዋል። የሽያጭ ኃላፊዋ አንዲት ሹራብ ለሦስት እህትማማች ስለመልበሳቸው ስትናገር ዓይኗ እንባ አቀረረ፤ ሹራቡን እንኳን የሠራላቸው ቤታቸው ድረስ የሚመጣ ልብስ ሰፊ ነበር። በመሃላቸው የጽዳት ሠራተኛዋ መወልወያዋን ይዛ "እግራችሁን" እያለች ታልፋለች፤ እነሱም ወሬያቸውን ሳያቋርጡ አንድ አንድ እግር ያነሱላታል። እሷና ዘበኞቹ የኤጀንሲ ቅጥር ናቸው፤ መለኪያው አይመለከታቸውም። ፋይል ጋ ስትደርስ ምን እየተሰጠ ነው ብላ በሹክሹክታ ጠየቀቻት። ምንም አይደለም፣ ጥያቄ ብቻ ነው አለቻት። ሴትየዋም ለጥያቄ እንዲህ ሲጋፉ ዛሬ ማየቴ ነው ብላ ባልዲዋን ገፋች።

ፋይል በሯን ዘግታ የገቡትን መልሶች ከየማኅደሩ የቅጥር ቅጽ ጋር አስተያየች። ማስተያየት አልታዘዘችም፤ አንጀቷ ቅጥል ስላለ ነው። የሽያጭ ኃላፊዋ የቅጥር ቅጽ "አባት፦ የከፍተኛ ፍርድ ቤት ዳኛ" ይላል፤ መጠይቁ ላይ "ጡረተኛ" ብላለች፣ እሷ አሥራ አራት ዓመት በሞላት በስድስተኛው ወር ሰውየው ጡረታ ወጥተዋልና። የገንዘብ ያዡ አባት ሃያ ሠራተኛ ያለው ዳቦ ቤት ነበራቸው፤ "ዳቦ ጋጋሪ" ተብለዋል። የሕግ ክፍሉ ሰውዬ አባት መሃል ከተማ አምስት ቤት እያከራዩ የኖሩ፣ ዕድሜ ልካቸውን አንድም ቀን ለሥራ ያልተነሱ ናቸው፤ ልጃቸው "ሥራ አጥ" ብሎ ጽፎላቸዋል። የምክትሉ ቅጽ "የትራንስፖርት ድርጅት ባለቤት" ይል የነበረው ዛሬ "ሹፌር" ሆኗል። ሰውየው እሁድ እሁድ አንዱን መኪና አስነስተው ሰፈሩን አንድ ዙር ይነዱ እንደነበር ፋይል በዓይኗ አይታለች። ከመካከላቸው አንዱም ቀጥ ብሎ አልዋሸም፤ ይህ ነው ደሟን ያፈላው። ሁሉም ዓይናቸውን በጨው አጥበው እውነት ነው የተናገሩት።

የራሷን መጨረሻ ላይ ሞላች። ትምህርት ቤት ነጻ ምሳ ይሰጥዎት ነበር ወይ ይላል። አይሰጣትም ነበር፤ በዚህ አገር ነጻ ምሳ የሚሰጥ ትምህርት ቤት ኖሮ አያውቅም። "የለም" አለች፣ ኮምፒውተሩም የጠገበች አድርጎ መዘገባት። በዓመት ቢያንስ አንድ ሳምንት ከቤት ውጭ ያሳልፉ ነበር ወይ ይላል። ክረምት በመጣ ቁጥር ጣሪያው ስለሚያፈስ ሁለት ወር አክስቷ ቤት መሬት ላይ ይተኙ ነበር፤ ለዚህ የሚሆን ቦታ ፈልጋ አጣች፣ "አዎ፣ በየዓመቱ" ከማለት ሌላ ምርጫ የለውም። በልጅነትዎ ቤት ውስጥ ልብስ ማጠቢያ ማሽን ነበር ወይ? ይህችን አንብባ ብቻዋን ሳቀች። ዋናው ጥያቄ ላይ ስትደርስ ግን ሳቋን ዋጠች። "እናቴ፤ በሰው ቤት እየዞረች ልብስ አጣቢ" ብላ ጻፈች። በሠላሳ ስድስት ዓመቷ ይህን ቃል ስትጽፍ የመጀመሪያዋ ነው፤ ፊደሎቹን ደጋግማ አየቻቸው፣ ምንም አላስፈሯትም።

በስድስት ሰዓት ውጤቱ መጣ። ከአንድ እስከ አምስት ነው፤ አንድ ባለጸጋ፣ አምስት የመጨረሻው ድሃ። ሹፌሩ አምስት። ዳቦ ጋጋሪው አምስት። ሥራ አጡ አምስት። ጡረተኛው አራት። ፋይል፦ ሦስት፣ መካከለኛ ኑሮ።

ስህተት ነው ብላ ዋናው መሥሪያ ቤት ደወለች። የመለኪያው ባለሙያ ድምጿ ለስላሳ፣ ትሕትናዋ ማለቂያ የሌለው ሴት ናት። ፋይል "አንድ ሠራተኛ አለች" ብላ ነው የጀመረችው። ባለሙያዋ ደስ ብሏት ጠየቀቻት። የሠራተኛዋ እናት አሠሪ ነበራቸው? የለም፣ ስድስት ቤት ነበር የሚዞሩት። የሥራ ውል ነበራቸው? የለም። የሚመራቸው ወይም የሚያዛቸው አለቃ ነበር? ፋይል ሁሉም ያዛቸው ነበር ልትል ብላ፣ እንዲህ ዓይነት አለቃ በሠንጠረዡ ውስጥ እንደማይገኝ ገባትና የለም አለች። እንግዲያው መልሱ ግልጽ ነው አለች ባለሙያዋ፤ አሠሪ የሌለውና ስድስት ደንበኛ ያለው ሰው የግል ሥራ አንቀሳቃሽ ነው፣ በአሥራ ዘጠኙም አገር ያለ አድልዎ የሚሠራበት ደንብ ይህ ነው። ቀጥላም፣ እንዲያውም የሠራተኛዋ እናት በዚያ ዘመን ሴት ሆነው የራሳቸውን ንግድ ማቋቋማቸው የሚያኮራ ነው አለች። ፋይል አመስግና ስልኩን ዘጋች። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲጠብቁት የኖሩት ነጋዴ ይኸው ዛሬ መጣ፤ መምጫውን ግን አሳምሮ መረጠ። ምሳ ሳትበላ ዋለች።

ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ ምክትሉ አስጠራት። ሥራ አስኪያጁ እረፍት ላይ ስለሆነ ከባለ አምስቶቹ አንዱን የሚመርጠው እሱ ነው፤ መርጦ ጨርሷል፣ ራሱን ነው የመረጠው። ለዚህም ፊቱ ላይ አንዳች የእፍረት ምልክት አልነበረም፤ ቅርንጫፉን በደንብ የሚወክል ሰው መሄድ አለበት ብሎ አስረዳት። የቀረው አንድ ነገር ብቻ ነው። የሰው ኃይል ክፍሉ ሠራተኛ "የተመራጩ መልስ ከማኅደሩ ጋር አይጋጭም" የሚለው ላይ ምልክት አድርጋ መላክ አለባት። ቁጭ በይ እንጂ አላት፤ የቆዳ ወንበሩ ዳር ላይ ተቀመጠች። ማኅደርዎ ላይ ግን የድርጅት ባለቤት ነው የሚለው አለችው። ሳቀ። ያቺ ወረቀት አርጅታለች፣ በአዲስ ቀይሪያት አለ፣ አምፖል ቀይሪ እንደማለት ቀለል አድርጎ።

"አባትዎ ሹፌር ነበሩ?" አለችው ቀስ ብላ።

"መኪና ይነዳ ነበር። መንዳቱን ልትክጂ ነው?" አለና፣ ወደ ኋላ ለጠጥ ብሎ አያት። "እናትሽ ደህና ናቸው? እግራቸውን ያማቸው ነበር።"

ምክትሉ ድምጹን አላሻከረም፤ እንዲያውም የዘመድ ድምጽ ነው ያወጣው። ከመጀመሪያዋ ቀን ጀምሮ እንዳወቃት ነገራት። ነጋዴ ብላ ስትጽፍ ማየቱን፣ ለማንም ትንፍሽ አለማለቱን፣ አሥራ አንድ ዓመት አንጀቱ ውስጥ መያዙን ነገራት። ሦስት ጊዜ ለእድገት ስትወዳደር ማን "በሚቀጥለው" እንዳላት ግን አልነገራትም፤ እሷም አልጠየቀችውም፣ ደብዳቤዎቹ ላይ የማን ፊርማ እንዳለ ታውቃለች። "ሰው የሰው ነውር ይሸፍናል፣ እህቴ" አለ። "እኔ ያንቺን ሸፍኛለሁ። ዛሬ ተራው ያንቺ ነው።"

ተነሥታ ወጣች። ኮሪደሩ ላይ ያለችው የውሃ ማጣሪያ ጋ ቆማ አንድ ብርጭቆ ጠጣች፣ ሁለተኛም ደገመች። ነውር። አንሶላውን ያቆሸሹት እነሱ፣ ያጸዳችው እናቷ፤ ነውሩ የማን እንደሆነ ደግሞ ይኸው ዛሬ ተነገራት። ሰውየውን ናቀችው፤ እሱን መናቅ ግን አዲስ ነገር አልነበረም። የባሰባት የራሷ ነው። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ እሱ ያሰበውን እሷም አስባዋለች፤ ቃሉን እሱ አውጥቶ ስለተናገረው ብቻ ነው ዛሬ የከበዳት። እናቷ ሥራ ቦታዋ ድረስ አንድ ቀን ጃንጥላ ይዛላት ብትመጣ፣ በር ላይ ለዘበኛው "ሠራተኛችን ናት" ያለችው ማነችና። እናቷ ያን ዕለት ሰምታ ነበር። ጃንጥላውን ሰጥታት፣ በዝናቡ ውስጥ ያለ ጃንጥላ ሄደች፤ ማታም ስለ ዝናቡ ብቻ ነው ያወሩት።

ወደ ወንበሯ ተመልሳ ገጹን ከፈተች። "አይጋጭም" እና "ይጋጫል" የሚሉ ሁለት ሳጥኖች አሉ፤ ከሥራቸው ማስታወሻ የሚጻፍበት አንድ ባዶ ቦታ። "ይጋጫል" የሚለውን ነካች። ባዶው ቦታ ላይ እንዲህ ብላ ጻፈች፦ "የተመራጩ አባት የአራት የጭነት መኪና ባለቤት ነበሩ። ከቤታቸው በሳምንት አሥራ አራት አንሶላ ይታጠብ ነበር። ያጠበችው እናቴ ናት። እናቴ ልብስ አጣቢ ነበረች፤ የቅጥር ቅጼ ላይ ነጋዴ ብዬ የጻፍኩት ሰው የለም።" ስሟን ሙሉ አድርጋ ጻፈች፣ የአባቷን ጨምራ። አሥር ሰዓት ሊሆን ሃያ ደቂቃ ሲቀረው ላከችው። ግልባጩ ምክትሉ ዘንድ ወዲያው እንደሚደርስ ታውቃለች።

መልሱ ሩብ ሰዓት ሳይሞላ መጣ። ባለሙያዋ ስለ ትጋቷ ከልብ አመስግናታለች። ቀጥላ ግን፣ ስለ አስተዳደጉ የመናገር መብት ያለው ራሱ ሠራተኛው ብቻ እንደሆነ፣ ሌላ ሰው ሊያርመው እንደማይችል፣ ይህም የሠራተኛውን ክብር ለመጠበቅ በአሥራ ዘጠኙም አገር የጸና ደንብ እንደሆነ አስረድታለች። የተመራጩ ቁጥር አምስት ሆኖ ይጸናል፤ የእሷም ሦስት። የአንሶላ ብዛት በመለኪያው ውስጥ አልተካተተም። የማስታወሻው ቦታ ለቴክኒክ ችግር ብቻ የተተወ ስለነበረ፣ እንዲህ ያለ ግር የሚል ነገር እንዳይደገም ከሚቀጥለው ዓመት ጀምሮ ይነሳል። በመጨረሻም፣ በቅጥር ቅጽዋ ላይ የሐሰት መረጃ መስጠቷን በራሷ ቃል ስላመነች፣ የቅጥር ቅጽ ደግሞ እንደ መጠይቁ በደንቡ ያልተጠበቀ የሥራ ሰነድ ስለሆነ፣ ጉዳዩ ለቅርንጫፉ አመራር ተመርቷል። መልካም ቀን ተመኝታላታለች። ከአሥራ ሁለት ጥያቄና ከአሥራ ዘጠኝ አገር ውስጥ ውሸት ሆኖ የተገኘው የእናቷ ነጋዴ ብቻ ነበር።

ምክትሉ ኮቱን ክንዱ ላይ ጣል አድርጎ ሲወጣ በሯ ላይ ቆም አለ። ፊቱ ቅጭም ብሏል፤ ጆሮው ግን እንደ ልጅ ቀልቷል። ነገ ሦስት ሰዓት ቢሮዬ አላትና ሄደ። የውሃ ማጣሪያዋ ጋ ሰው አልነበረም፤ የሁሉም ድህነት አሥር ሰዓት ላይ አብቅቶ መኪና መኪናቸውን እያስነሱ ነበር።

ቤት ስትደርስ ፀሐይ ገና አልገባችም። እናቷ ጠረጴዛው ላይ የታጠበ ልብስ ከምራ እያጣጠፈች ነው፤ ጣቶቿ እንደ ድሮው አይታጠፉም፣ የምታጣጥፈው ግን መስመር ሳታዛንፍ ነው። ፋይል ጫማዋን አወለቀችና አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀመጠች። እናቷ ሁለት ፎጣና አንድ የትራስ ልብስ አጣጥፋ ከጨረሰች በኋላ፣ "ወሰዱት?" አለች።

"መካከለኛ ኑሮ ነው የኖርነው፣ እማዬ። የራስሽ ንግድ ነበረሽ ብለዋል።"

እናት ይህን ሰምታ አልሳቀችም። የዚያ ቤት ልጅስ ምን ሆኖ ወጣ አለች። የመጨረሻው ድሃ እሱ ሆኖ እንደወጣ፣ ዕድሉንም እሱ እንደወሰደው ነገረቻት። ከዚያ ሁሉንም ነገረቻት፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ አውቋት እንደነበር፣ ነውር ማለቱን፣ ምን ብላ እንደጻፈች፣ ነገ ሦስት ሰዓት እንደተጠራች፣ ምናልባት ከሥራ እንደሚያሰናብቷት። የዝናቡን ቀን ግን አልነገረቻትም፤ እናቷም አላነሳችውም። እናት የያዘችውን አንሶላ ሳታጣጥፍ ጭኗ ላይ አኑራ ሰማቻት። ስለ ሥራው አልተናገረችም፣ ስለ ነውሩም አልተናገረችም። ግንባሯን ሰብስባ ጥቂት ካሰበች በኋላ፣ "አሥራ አራት ብለሽ ጻፍሽ?" አለች።

"አሥራ አራት ነው ስትይ አይደል ያደግሁት።"

"አሥራ ስድስት ነበር" አለች እናት።

እንደነገረቻት፣ ያ ልጅ እስከ አሥራ ሁለት ዓመቱ በሳምንት ሁለት ሌሊት አልጋው ላይ ይሸና ነበር። አባቱ ካወቀ በቀበቶ ስለሚገርፈው፣ ከመሳቢያ ሌላ አንሶላ ሰርቆ ያነጥፍና የረጠበውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ከውሃ በርሜሉ ኋላ ይደብቀዋል። ማክሰኞ ጠዋት እሷ ስትመጣ ከበሩ አጠገብ ቆሞ ይጠብቃታል፤ አይናገርም፣ በዓይኑ ብቻ ወደ በርሜሉ ያሳያታል። እሷም ቤተሰቡ ሳይነሳ እነዚያን ሁለቱን አስቀድማ ታጥብና ከጓሮ ሰቅላ፣ ሲደርቁ በመስኮት ታቀብለዋለች። ስድስት ዓመት እንዲህ ኖሩ። ለእናቱ አልነገረችም፤ ለራሷ ልጅም ይኸው እስከ ዛሬ አልነገረችም።

ፋይል መጀመሪያ ሳቋ አመለጣት። ቀጥሎ ከተቀመጠችበት ቀና አለች፤ ነገ ሦስት ሰዓት ያን ቢሮ ምን ሆና እንደምትገባ ታያት። የቆዳው ወንበር ላይ ለጠጥ ብላ፣ የበርሜሉን ነገር እንዴት አድርጋ እንደምታነሳበት፣ ያ ቅላት ከጆሮው ወደ አንገቱ እንዴት እንደሚወርድ አየች። እናቷም ፊቷ ላይ የሚያልፈውን ሁሉ አየችው፤ ሠላሳ ዓመት የሰው ጓዳ ያጠበች ሴት ናት፣ እድፍ ከሩቅ ታውቃለች።

"እሱን አልጻፍሽም አይደል?" አለች።

"አላውቅማ ነበር።"

"አሁንም አታውቂም" አለች እናት፣ የአንሶላውንም ጫፍ ዘረጋችላት። "በይ ያዢልኝ፣ ብቻዬን አይታጠፍልኝም።"